አንድ ዘፈን፣ ሁለት ፊርማ

ሶዶ ውስጥ የሚያውቁኝ ሰዎች «ሙጫ» ይሉኛል። ስድብ ይሁን ሙገሳ ጠይቄ አላውቅም። አንድ ነገር ከያዝኩ አልለቅም ማለታቸው ነው። መሥሪያ ቤት ሄጄ «ነገ ነይ» ካሉኝ ነገ እሄዳለሁ፤ ነገም «ነገ» ካሉኝ በማግስቱ ቁልፍ የያዘው ሰው ሲመጣ በሩ ላይ ቆሜ ያገኘኛል። እንጀራዬም ከዚሁ ነው። ከዞኑ መሥሪያ ቤቶች ፊት ለፊት ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ኮምፒውተርና ፎቶ ኮፒ ማሽን ይዤ የሰው ማመልከቻ፣ ውል፣ ውክልና እጽፋለሁ። የማይጽፉት ይነግሩኛል፣ እኔ በወረቀት አማርኛ አሳምሬ አወጣዋለሁ። ባለጉዳይ ሳይፈጸምለት ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ «አይዞህ፣ በርታ፣ መመላለስ ነው» እላለሁ። እውነቴን ነበር።

አሁን ደግሞ ዘፋኝ ነን የሚሉ ሁሉ እየመጡ ወንበሬ ላይ ቁጭ ይላሉ። «ዘፈንሽን እንዴት ድራማ ላይ አስገባሽው? ማንን አውቀሽ ነው?» ይሉኛል። ማንንም አላውቅም። ተመላለስኩ፣ ደወልኩ፣ ለመንኩ፣ ፈረምኩ፣ አስፈረምኩ። ይህን ስነግራቸው ፊታቸው ይበራል። የቀረውን ግን አልነግራቸውም፤ እዚህ ልጻፈው።

ዘፈኑን እኔና ታናሽ እህቴ ፈጠርነው ብል ውሸት ነው። ከእናታችን የወሰድነው ነው። ያደግነው ዳሞታ ተራራ ሥር ነው፤ ጠዋት ጠዋት ጉሙ ሲወርድ ከፊትሽ ያለው ዛፍ አይታይም። እናታችን ለእንጨት ስትልከን ሁልጊዜ አንድ ትእዛዝ ነበራት። ታላቂቱ ትጥራ፣ ታናሺቱ ትመልስ። ጥሪው ሳያልቅ ደግሞ መልሱ ይግባ፤ በመሃል ዝም የሚባል ነገር የለም። አንዷ ዝም ካለች ወይ ገደል ገብታለች፣ ወይ ጠፍታለች ማለት ነው። ስለዚህ እኔ በወላይትኛ «ወዴት ነሽ?» ብዬ ስጠራ፣ እሷ ቃሌ ሳያልቅ «አለሁ፣ አጠገብሽ ነኝ» እያለች ትገባለች። እናታችን እደጃፍ ቆማ ትሰማለች። ሁለታችንንም እስከሰማች ድረስ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች፤ ያንዳችን ድምፅ ከጠፋ ግን ነጠላዋን ሳትይዝ ትሮጣለች። ጥሪው ዜማ ነበረው። ዜማውን የሰጠችን እሷ ናት፤ ለሷ ደግሞ እናቷ።

ካደግን በኋላ፣ እህቴ ትምህርቷን እንደጨረሰች፣ «ለምን አንቀዳውም?» አልኳት። ስልክ ከሚሸጥበት ሱቅ ጀርባ አንድ ሰው ስቱዲዮ ከፍቶ ነበር። ስቱዲዮ ሲባል ግድግዳው ላይ ስፖንጅ የተለጠፈበት፣ አንድ ኦርጋንና አንድ ማይክ ያለበት ክፍል ነው። ማይኩ አንድ ብቻ ስለሆነ ጉንጫችን እየተነካካ ዘፈንን። እሷ ሳቋ መጥቶ ሁለቴ አቋረጠችን። በሦስተኛው ግን፣ ምን ልበላችሁ፣ ተሳካ። የስቱዲዮው ሰው ጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ «እናንተ ልጆች የት ነበራችሁ?» አለን።

ኢንተርኔት ላይ የሚጭን ሰው አልነበረንም። ሚሞሪ ላይ ዘፈን የሚጭኑት ሱቆች ግን ወሰዱት። ከዚያ ሾፌሮቹ ከሱቆቹ ወሰዱት። ወደ ጠበላም ወደ ቢጠናም የሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ሲከፈት ሰው አብሮ ይመልስ ነበር። ስማችን የትም አልተጻፈም፤ «የእህትማማቾቹ» ነበር የሚባለው። እኔ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ምኞት ገባብኝ። ይህ ዘፈን ከሚኒባስ ወጥቶ ስም ባለው ቦታ፣ በወጉ በሕጉ፣ ሁለታችን ተጽፈንበት እንዲገባ። ሌላ ምኞት አልነበረኝም ብል አላጋነንኩም።

እህቴ ጠበላ ላለ ወንጌላዊ ተዳረች። እኛ ቤት ኦርቶዶክስ ነን፤ እናቴ መጀመሪያ ላይ ተቀየመች፣ በኋላ ሰውየው ጨዋ መሆኑን አይታ ተወችው። እህቴ ተጠምቃ ወደ ባሏ ቤተ ክርስቲያን በገባችበት እሑድ ጉባኤው ፊት ቆማ «ዓለማዊ ዘፈን ትቻለሁ፤ ድምፄ ከዛሬ ጀምሮ የጌታ ነው» አለች። እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ነበርኩ። ሰው ሁሉ እልል ሲል እኔ እጄን አጣጥፌ ቀረሁ። ደሜ ነበር የፈላው። ግማሹ ዘፈን የእኔ አይደለም እንዴ? ማን ጠየቀኝ?

ከዚያ በኋላ ነው እንግዲህ ስልኩ የተደወለው። ጠዋት ነው፣ የአንድ ሽማግሌ የመሬት ማመልከቻ እየጻፍኩ ነበር። ከአዲስ አበባ ነኝ አለ ሰውየው፤ ለቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ሙዚቃ የሚመርጥ ነው። ወደ አርባ ምንጭ ሲያልፍ ዘፈናችንን ሚኒባስ ውስጥ ሰምቶ፣ ሾፌሩን ለምኖ ወደ ስልኩ አስገብቶ፣ እኛን ሲያፈላልግ ሰንብቷል። «ለድራማው መግቢያ ነው የምፈልገው» አለኝ። «በየሳምንቱ ሲጀምር የሚሰማው እሱ ነው።» ሽማግሌው አፍጥጠው እያዩኝ እኔ ቆሜ እንባዬ ወረደ።

«የሚያስፈልገው ቀላል ነው» አለኝ። «ድምፃቸው ያለበት ሁለቱም ሰዎች ፈቅደው መፈረም አለባቸው። የቀበሌ መታወቂያ ኮፒ ከፊርማው ጋር።»

ቀላል! ለሰው ሁሉ ፊርማ አስፈርሜ የምኖር ሰው ነኝ። የሚቀጥለው የገበያ ቀን ጠበላ ነበርኩ።

እህቴ በሙቀቱ ደጅ ተቀምጣ በቆሎ ትፈለፍል ነበር። የተቀቀለ ስኳር ድንች አቀረበችልኝ። ነገሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ነገርኳት። አዳመጠች፣ ፈገግ አለች፣ ደስ ብሏታል፣ አይቻለሁ። ወረቀቱን ሳወጣ ግን እጇን ቀሚሷ ላይ ጠራርጋ «እስቲ ልጸልይበት» አለች።

«ጸልዪ» አልኳት። «ሳምንት እመጣለሁ።»

ሳምንት ሄድኩ። «ገና ነው፣ እየጸለይኩበት ነው» አለች። በሦስተኛው ሳምንትም ሄድኩ። «እኅቴ፣ ለመሆኑ ጌታ ይህን ያህል ቀን የሚፈጅበት ምን ተቸግሮ ነው?» ስላት ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው ደግሞ አፏን ያዘች። እንዲህ እንዲህ እያልን ክረምቱ አልፎ መስከረም ጠባ። የሚኒባስ ረዳቶቹ ገና ሳልናገር «ጠበላ» እያሉ ወንበር ይይዙልኝ ጀመር። ለአዲስ አበባው ሰው ደግሞ ሰኞ ሰኞ እደውላለሁ። «ሌላ ዘፈን መርጠናል» ያለኝ ጊዜም ነበር። «ይሁን፣ ግን የኛም አለ» ብዬ ደወልኩ። ድራማው በጀት አጥቶ ቆመ፤ ደወልኩ። ተመልሶ ተጀመረ፤ ደወልኩ። አንድ ሰኞ ስልኩን ሲያነሳ «ሰኞ መሆኑን ያወቅሁት ባንቺ ነው» አለኝ።

ባሏ ነው የሚከለክላት ብዬ አሰብኩ። አንድ ቀን ብቻውን አገኘሁትና ዓይኔን በጨው አጥቤ ፊት ለፊት ጠየቅሁት። ሰውየው አልተቆጣም። «እኔ አንድ ቃል አልተናገርኳትም» አለኝ። «ብትፈርምም የኔ ሚስት ናት፣ ባትፈርምም። ነገሩ በእሷና በቃሏ መካከል ነው።» ልጣላው ሄጄ አፍሬ ተመለስኩ።

እህቴ እየከሳች ነበር። እየከሳች እንደነበር አይቻለሁ፤ አላየሁም አልልም። ጉንጯ ገብቶ ነበር። ስትነሳ ጎኗን ትይዛለች። «ምን ሆነሽ ነው?» ስላት «ጾም ጸሎት ይዣለሁ» አለችኝ። እኔም ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ! ለፊርማው ነው የምትጾመው፣ መልሱ ደርሷል ማለት ነው ብዬ። እኔ የማየው እጇ እስክሪብቶ ይይዝ እንደሆነ ነበር፤ እጇ ምን ያህል እንደቀጠነ አይደለም።

በመጨረሻ አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀና ጮኽኩባት። ግቢው ውስጥ፣ ጎረቤት እየሰማ። «የማንን ድምፅ ነው የምትሰስቺው? ከእማ የወሰድነው አይደለም እንዴ? አንቺ ብቻሽን ዘፈንሽው?» አልኳት። አጠገቧ ያለውን በርጩማ መታ መታ አድርጋ አስቀመጠችኝ።

«ዘፈኑ ኃጢአት ነው አላልኩሽም» አለች። «እማ የሰጠችን ነገር እንዴት ኃጢአት ይሆናል? ግን ሰው ፊት ቆሜ ቃል ሰጥቻለሁ። ቃሌን ባጥፍ ያ ሁሉ ሰው ምን ይለኛል? እኔስ ራሴን ምን እለዋለሁ? አንቺን ደግሞ እምቢ ማለት አቃተኝ። ስለዚህ ነው ዛሬ ነገ ስልሽ የከረምኩት። የኔን ድምፅ አውጪውና ዘፈኑን ውሰጂው። በሙሉ ልቤ ነው የምልሽ።»

ለአዲስ አበባው ሰው ደወልኩ። ድምፃችን በአንድ ማይክ የተቀዳ፣ አንዱ በሌላው ላይ የሚገባ ስለሆነ የሷን ለይቶ ማውጣት አይቻልም አለኝ። «እንደ አዲስ ይቀዳ። ሁለቱንም አንቺ ዝፈኚው። እሷ ለዜማው ጥያቄ እንደማታነሳ ብቻ አንድ ወረቀት ትፈርም።» የጠየቀኝ ይህንኑ ነው፤ ከዚህ ሌላ አንድም ቃል አልጨመረም።

ወረቀቱን ራሴ ጻፍኩት። የአሥራ ምናምን ዓመት ሥራዬ ነው፣ ዓይኔን ጨፍኜ እጽፈዋለሁ። «እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተጠቀሰው» ብዬ ጀመርኩ። ድምጿ እንዲወጣ መስማማቷን፣ ዜማውን እኔ እንድጠቀምበት መፍቀዷን ጻፍኩ። እዚህ ጋ ማቆም ነበረብኝ። ግን እኔ ውል ስጽፍ ጎዶሎ አልወድም። ሰው የቤት ውል ሲያድስ «የቀድሞው ውል ፈርሷል» ብዬ እጨምርለታለሁ፤ ኋላ ሁለት ወረቀት እየመዘዙ እንዳይካሰሱ። ጣቴ ለመደና ለእህቴም ጨመርኩላት። «ድምፄ የሚገኝበት የቀድሞው ቅጂ በማንኛውም ሰው እጅ ቢገኝ እንዲጠፋ ተስማምቻለሁ።» አምሮ ታየኝ። አትሜ፣ ሁለት ኮፒ አድርጌ፣ ጠበላ ወረድኩ።

ቀስ እያለች አነበበችው። እዚያች መስመር ላይ ስትደርስ ጣቷን አቆመች። «ይህም አለበት?» አለችኝ።

«ውል ሲጻፍ እንዲህ ነው» አልኳት።

«እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ» አለችና ፈረመች። በደስታ አቅፌ ስስማት ትከሻዋ አጥንት ብቻ ነበር። መታወቂያዋን ኮፒ አድርጌ እመልሳለሁ ብዬ ይዤ ሮጥኩ።

ስቱዲዮ ገባሁ። መጀመሪያ የራሴን ጥሪ ቀዳሁ። ከዚያ በላዩ ላይ ድምፄን አወፍሬ፣ እሷ የምትገባበት ቦታ ላይ እየገባሁ፣ «አለሁ፣ አጠገብሽ ነኝ» አልኩ። ደጋግሜ ሞከርኩት። የስቱዲዮው ሰው «እሷን መሰልሽ እኮ! እኔ ራሴ ብዙም አልለይሽም» አለኝ። ኮራሁ። ይህንንም አልደብቅም፣ በጣም ነው የኮራሁት።

ከዚያ በወረቀቴ መሠረት የድሮውን ማጥፋት ጀመርኩ። ማንም አላስገደደኝም። የተፈረመ ነገር ሳይፈጸም ሲቀር ያመኛል፤ ደግሞም ለእህቴ ቃል ክብር የምሰጥ መስሎኝ ነበር። የስቱዲዮውን ሰው ከኮምፒውተሩም ካስቀመጠበት ዲስክም አስደመሰስኩት። ሚሞሪ የሚጭኑትን ሱቆች አንድ በአንድ ዞርኩ። «ኧረ ተዪን፣ ሰው ይጠይቀናል» ያሉኝም ነበሩ። እያንዳንዳቸው ጋ ቆሜ፣ ፈልገው አግኝተው እስኪያጠፉ ድረስ አልሄድም አልኩ። ሾፌሮቹን መነኻሪያ ሄጄ አንድ በአንድ ያዝኳቸው። በቢጠና መስመር የሚሠራ አንዱ ሲሸሸኝ ቢጠና ድረስ ተከትዬው ሄጃለሁ። አሳቀኝ ያን ቀን። «አንቺ ሴትዮ ፖሊስ መሆን ነበረብሽ» አለኝና ከፍላሹ ላይ አጠፋው። መጨረሻ የቀረው የኔ ስልክ ነበር። ሱቄን ዘግቼ አንድ ጊዜ ሰማሁት። ሁለተኛ ብሰማው አላጠፋውም ብዬ ፈርቼ፣ አጠፋሁት።

ዘፈኑ ተቀባይነት ያገኘ ዕለት ሰውየው ራሱ ደወለልኝ። «አበቃ፣ ገብቷል። ሙጫ ነሽ፣ ይገባሻል» አለኝ። ሙጫ የሚለውን ከማን እንደሰማ እንጃ። ለእህቴ ልነግራት ስደውል ባሏ ነው ያነሳው። «ሶዶ እየመጣን ነው» አለኝ። «ሆስፒታል።»

ሐኪሙ ጉበቷ ነው አለ። ዘግይታችኋል አለ። እኔ በየሳምንቱ ፊቷ ተቀምጬ ስኳር ድንች ስበላ ነበር ይህ ሁሉ። ወደኛ ቤት አመጣናት፤ ለሆስፒታሉም ይቀርባል፣ እናቴም እዚያው ናት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ብቻችንን ስንሆን ዘፈኑ መግባቱን ነገርኳት። «እሰይ» አለች፣ ከልቧ። ቀጥላ «ድምፄ የለበትም አይደል?» አለችኝ። «የለበትም፣ የትም የለም» አልኳት። «ጎሽ» አለችና ዓይኗን ከደነች። ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየችም። ጠዋት ነው ያረፈችው፣ እናቴ ፊቷን እያጠበቻት።

ቀብሩ ጠበላ ሆነ። የቤተ ክርስቲያኗ መዘምራን ዘመሩ፣ ደስ የሚል ዝማሬ ነበር። ከቀብር መልስ ሶዶ ቤታችን ለእናቴ ወገን ድንኳን ተጣለ። በእኛ ወገን ለቅሶ ላይ የሟች ነገር ይወጣል፤ ልብሷ፣ ፎቶዋ፣ የነካችው ነገር ሁሉ እያነሱ ይለቀስበታል። አክስቶቼ ቀሚሷን ይዘው ወጡ። የትምህርት ቤት ፎቶዋ ወጣ። እናቴ ቀሚሱንም ፎቶውንም አየችና ወደ እኔ ዞረች።

«እነዚህ አይናገሩም» አለችኝ። «አንቺ ድምጿን አምጪልኝ። ያንን የቀዳችሁትን። ስትመልስ ልስማት።»

«እሺ እማ» አልኳት። ምን እላለሁ ሌላ?

በማግስቱ፣ የኀዘን ልብሴን እንደለበስኩ፣ ሱቆቹን እንደገና ዞርኩ። አንደኛው ባለ ሱቅ ሲያየኝ አዘነልኝ፣ ስለ ዘፈኑ ስጠይቀው ግን ግራ ገብቶት አፈጠጠብኝ። «አንቺው አይደለሽ እንዴ ቆመሽ ያስጠፋሽኝ?» ሌሎቹም ያው። አንዱ አሮጌ ሚሞሪዎች በሳጥን አውጥቶ ግማሽ ቀን አብሮኝ ፈተሸ፤ የለም። የስቱዲዮው ሰው ዲስኩን አገላብጦ አሳየኝ፤ የሌላ ሰው ሠርግ ተቀድቶበታል። መነኻሪያ ስደርስ ሾፌሮቹ ለቅሶ ደርሰውኝ አብረውኝ ፈለጉ፤ በቢጠና መስመር የሚሠራው ሰውዬ «እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ እኔ ልደብቀው ብዬ ነበር፣ አንቺ ግን አልለቅ አልሽኝ» አለኝ። የአዲስ አበባው ሰው ጋ ደወልኩ። መጀመሪያ ከሾፌሩ የወሰደው እሱ ጋ ይኖራል ብዬ የቀረኝ ተስፋ ያ ብቻ ነበር። በጣም አዘነ፣ እግዜር ይስጠው። «ወረቀታችሁ ላይ ይጥፋ ስለሚል አጥፍተነዋል» አለኝ። «እኛ ባንጠይቅም፣ የሷ ፈቃድ ነው ብለን አከበርነው።»

የሠርጓን ቪዲዮ ከፈትኩ። ካሜራማኑ ከላይ እስከ ታች ሙዚቃ ጭኖበታል፤ አፏ ሲንቀሳቀስ ይታያል፣ ድምፅ የለም። የመዘምራኑን ቪዲዮ ባሏ ላከልኝ። ያ ሁሉ ሰው አንድ ላይ ይዘምራል፤ ከሦስተኛው ረድፍ እሷን በዓይኔ አየኋት፣ በጆሮዬ ግን አጣኋት። ስልኳ ያቺ ትንሿ ባለ ቁልፍ ስልክ ናት፣ ምንም የያዘችው ነገር የለም።

በሦስተኛው ቀን ባሏ ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። ሌላ ማድረግ አልቻልኩም፤ ከአዲስ አበባ የተላከልኝን አዲሱን ቅጂ በስልኬ ከፈትኩ። ጥሪው ጀመረ፣ መልሱ ገባ። ባሏ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ «እሷ ናት፣ እሷ ናት» እያለ አለቀሰ። እኔም ዝም አልኩ። አክስቶቼ ተሰብስበው አለቀሱ። ዝም አልኩ። ሰው ሁሉ ካመነ እናቴም ታምናለች፣ የጠየቀችውን ታገኛለች፣ እኔም ይቅር እባላለሁ ብዬ ነበር። እንዲህ ነው ያሰብኩት።

እናቴ ከውስጥ ሆና ሰምታ ኖሮ ጠራችኝ። አልጋ ላይ ተቀምጣለች። «አምጪው፣ እዚህ ጆሮዬ ጋ» አለች። ስልኩን አስጠጋሁላት። ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች። የመጀመሪያው ጥሪ ሲመጣ ራሷን ነቀነቀች። መልሱ ሲገባ ዓይኗን ገለጠች። ድጋሚ አስከፈተችኝ። እንደገናም አስከፈተችኝ። ከዚያ ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችው።

«አንቺው ጠርተሽ አንቺው መለስሽ» አለችኝ።

«እማ፣ እሷ እኮ ናት…»

«ሁለታችሁንም ያጠባሁት እኔ ነኝ። እሷ ከመመለሷ በፊት ትተነፍሳለች። ጉሙ ውስጥ የምለያት በትንፋሿ ነበር። ይህ አንቺ ነሽ። ልጄን የት አደረግሻት?»

እናቴ ማንበብ አትችልም፤ ወረቀቱን ባሳያት ምን ይጠቅማታል? እግሯ ሥር መሬት ላይ ተቀምጬ በአፌ ነገርኳት። በወላይትኛ ነው የነገርኳት፣ ሁሉን ነገር። ከስልኩ ጥሪ ጀምሬ፣ ጠበላ መመላለሴን፣ መጮኼን፣ እህቴ ድምፄን አውጪው ማለቷን፣ ስቱዲዮውን፣ ሱቆቹን፣ ቢጠና ድረስ መሄዴን። ያቺን የጨመርኳትን መስመርም ቃል በቃል ነገርኳት። ውጭ ድንኳኑ ውስጥ ገና ያለቅሱ ነበር።

«እሷ ናት አጥፊው ያለችሽ?» አለችኝ።

«አይደለችም። ድምፄን አውጪው ነው ያለችው።»

«የአዲስ አበባዎቹ ናቸው?»

«አይደሉም።»

«ታዲያ ማን ጻፊ ብሎሽ ነው?»

«ማንም» አልኳት።